ላሪ ክራውን እና ለደስታው የሚማር ሰው

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ሚስተር ቶም ሃንክስ በ2011 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ያዘጋጁትንና ራሳቸውም ዋናውን ሰው ሆነው የተጫወቱበትን «ላሪ ክራውን» የተባለውን ፊልም ነው። ድርሰቱን የጻፉት ከኒያ ቫርዳሎስ ጋር ሆነው ነው። ፊልሙ በወጣ ጊዜ ሐያስያን እምብዛም አላመሰገኑትም፤ እኛም ታላቅ የጥበብ ሥራ ነው ብለን ለመከራከር አልተነሣንም። ነገር ግን በዕድሜ የገፋ ሰው ወደ ኮሌጅ መመለሱን ዋና ጉዳይ አድርጎ የያዘ ፊልም ብዙ ስለ ሌለ፥ የያዘውን ነገር እንዴት እንደ ያዘው መጠየቅ ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

ታሪኩ አጭር ነው። ላሪ ሃያ ዓመት በባሕር ኀይል ወጥ ቤት ያገለገለ፥ ከዚያም በአንድ ትልቅ መደብር ተቀጥሮ ደጋግሞ የወሩ ምስጉን ሠራተኛ የተባለ ሰው ነው። አለቆቹ አንድ ቀን ጠርተው፥ የኮሌጅ ትምህርት ስለ ሌለህ ከዚህ በላይ ልታድግ አትችልም ብለው ያሰናብቱታል። በጎረቤቱ ምክር ወደ ኮሚኒቲ ኮሌጅ፥ ማለት ለአካባቢው ሕዝብ ሁሉ በሩን ክፍት አድርጎ ወደሚያስተምረው የሁለት ዓመት ኮሌጅ ይሄድና በንግግርና በኤኮኖሚክስ ትምህርት ይመዘገባል። የንግግሩ ክፍል የሚጀምረው ከጧቱ በሁለት ሰዓት ነው። መምህርቷ (ጁሊያ ሮበርትስ) ተማሪው ከአሥር ካነሰ ክፍሉ እንደሚሰረዝ ስለምታውቅ፥ ዘጠኝ ቈጥራ ደስ እያላት ልትወጣ ስትል ላሪ ይደርስና አሥረኛ ይሆናል።

ይህ ትዕይንት ለሣቅ የገባ ነው። ይሁን እንጂ ከፊልሙ ሁሉ እውነተኛው እርሱ ይመስለናል፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እናመጣዋለን።

የፊልሙ ድካም የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ደራሲዎቹ ሰው በመማሩ ብቻ ሊደሰት ይችላል ብለው ያመኑ አይመስሉም። ላሪን የሚያስደስቱት ስኩተሩ፥ አንዲት ወጣት የክፍል ጓደኛው የምትመርጥለት ልብስ፥ በመጨረሻም የመምህርቷ ፍቅር ናቸው። መጽሐፍ ገልጦ ያልገባው ነገር ሲገባው፥ ፊቱም ሲለወጥ የምናይበት ጊዜ በጣም ጥቂት ነው። በዚህ ረገድ የሚሻለው ጆርጅ ታኬይ የሚጫወቱት ቍጡ የኤኮኖሚክስ መምህር ያለበት ክፍል ነው። ላሪ እዚያ በተማረው ሒሳብ የቤቱን ዕዳ መርምሮ፥ ቤቱን ለባንክ ማስረከብ እንደሚሻለው ይረዳል። መልካም ነው፤ ግን እዚህም ዕውቀቱ የተከበረው ስለ ጠቀመ ነው። ያችው ወጣት ጓደኛው ደግሞ ትምህርቷን ትታ ሱቅ ስትከፍት ፊልሙ ያጨበጭብላታል። በኮሌጅ መዝገብ ግን እንዲህ ያለችው ተማሪ «አቋርጣለች» ተብላ ከወደቁት ጋር ትቈጠራለች። ፊልሙ ይህን ጥያቄ በእጁ ይዞ ሳያየው አልፏል።

አሁን ወደ አሥረኛው ወንበር እንመለስ። የካሊፎርኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጆች እስከ 1984 ድረስ የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም ነበር። በዚያ ዓመት ለአንድ ዩኒት 5 ዶላር ተወሰነ። በ1993 ደግሞ ቀድሞ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሰው ብቻውን ተለይቶ ለአንድ ዩኒት 50 ዶላር እንዲከፍል ተደረገ፤ ዲግሪ ካለህ እዚህ ምን ትሠራለህ እንደ ማለት ነው። ይህ ልዩ ክፍያ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቀርቷል። ፊልሙ በወጣበት ጊዜ ግዛቲቱ በገንዘብ ችግር ላይ ስለ ነበረች፥ ኮሌጆቹ ክፍሎችን እየሰረዙ ነበር። በ2012 ክፍያው 46 ዶላር ደረሰ። በዚያው ዓመት ዲግሪን ወይም ወደ ዩኒቨርሲቲ መዛወርን ዓላማ ያደረገ ተማሪ በምዝገባ እንዲቀድም የሚያደርግ ደንብ ወጣ፤ ከ2013 ጀምሮም እንደ ሥዕል፥ ሙዚቃና ስፖርት ያሉትን ትምህርቶች ደጋግሞ መውሰድ በጥብቅ ተወሰነ።

የባለሥልጣኖቹ ክርክር ተራ ክርክር አይደለም። ወንበሩ አንድ ሲሆን፥ ከሁለተኛ ደረጃ የወጣ ድኻ ወጣትና ለአምስተኛ ጊዜ የሸክላ ሥራ ለመማር የመጣ ጡረተኛ ቢሰለፉበት ለማን ይሰጣል? ለወጣቱ ይሰጥ የሚለውን እኛም አንቃወምም። የምንቃወመው ጡረተኛው ከመጀመሪያውም ተማሪ አልነበረም የሚለውን በውስጥ የተሸሸገ ሐሳብ ነው። ወረፋ ማስያዝ አንድ ነገር ነው፤ የሰውን የመማር ፍላጎት እንደ ብክነት መቍጠር ግን ሌላ ነው። በርግጥ ካሊፎርኒያ ክሬዲት የሌላቸውን ትምህርቶች ያለ ክፍያ ትሰጣለች፤ ለአረጋውያን የሚሰጡትም ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ነገር ግን ሥዕልን በጥብቅ ለመማር የሚፈልግ ሰው ከሚፈተኑት ጋር ተቀምጦ መፈተን ይወድዳል፤ ደስታው ያለው ከዚያ ነውና።

ከሁሉ የሚገርመው ሚስተር ሃንክስ ራሳቸው የፊልሙን ድካም የሚያርም ምስክርነት የሰጡ መሆናቸው ነው። እርሳቸው በ1970ዎቹ በሄይዋርድ ከተማ በቻቦ ኮሌጅ ተምረዋል። ይህንንም በ2015፥ ፕሬዚዳንት ኦባማ የኮሚኒቲ ኮሌጅ ሁለት ዓመት በነፃ ይሁን የሚል ሐሳብ ባቀረቡበት ወቅት፥ በኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ጽፈውታል። እዚያ የተማሩት የታሪክ ትምህርት ከብዙ ዓመት በኋላ «ጆን አዳምስ» የተባለውን የ2008 ተከታታይ የቴሌቪዥን ታሪክ በፕሮዲዩሰርነት ሲሠሩ እንደ ረዳቸው ያስረዳሉ። በዚያን ጊዜ ይህን ክፍል ከምን ዓላማ ጋር አያይዘህ ወሰድክ ተብለው ቢጠየቁ ምን ይመልሱ ነበር? እንዲህ ያለውን ተማሪ በፊልሙ ውስጥ ፈልገን አጣነው። (ፊልሙ ከጽሑፉ አራት ዓመት መቅደሙን አንዘነጋም።)

ይህ ነገር ለእኛም ሩቅ አይደለም። በአገራችን አንድ ሰው የማታ ትምህርት ጀመርኩ ያለ እንደ ሆነ፥ ወዲያው የሚቀርብለት ጥያቄ «ሲጨርሱ ምን ይሰጡሃል?» የሚል ነው። ዲፕሎማ ነው ካለ ይመሰገናል፤ ምንም የለውም ደስ ስላለኝ ነው ካለ ግን ገንዘብ የተረፈው ይባላል። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በቨርጂኒያ ግን፥ በ1974 በወጣ ሕግ መሠረት፥ ዕድሜው 60 ዓመት የሞላው የግዛቲቱ ነዋሪ ትርፍ ወንበር ከተገኘ በመንግሥት ኮሌጆች ያለ ትምህርት ክፍያና ያለ ፈተና ተቀምጦ መማር ይችላል። ልጆቻቸውን ሊያግዙ ሄደው የልጅ ልጅ ሲጠብቁ የሚውሉ አባቶችና እናቶች፥ የነዋሪነቱን ደንብ ካሟሉ፥ መብቱ የእነርሱም ነው። ለእነርሱ የሚያገለግል ዲፕሎማ የለም፤ ቀጣሪም አይጠብቃቸውም።

ፊልሙ እንዲህ ያለውን ሰው ሊያሳየን ይችል ነበር፤ ቦታውም ነበረው። ላሪ አሥረኛ ሆኖ ሲገባ አስቀድመው በቀሩት ዘጠኝ ወንበሮች ላይ እነማን እንደ ተቀመጡ፥ በዚያ ማለዳ ከቤታቸው ምን እንዳወጣቸው ግን ከጥቂቶቹ በቀር ሳይነግረን ወደ ስኩተሩ ይሄዳል።