የአንጋጫ ገበያ ሰንጢ፤ ስለ ርካሽ የውጭ ሰንጢ ዋጋ የቀረበ ሒስ

በአንጋጫ ገበያ መሬት ላይ በተነጠፈ ላስቲክ ፊት የሚቆም ሰው፣ ከመስተዋቱ፣ ከማበጠሪያው፣ ከባትሪ ድንጋዩና ከጓጉንቸሩ መካከል የሚታጠፉ ትንንሽ ሰንጢዎች ተደርድረው ያገኛል። ከዚያ ብዙ ሳይርቅ የአገር ቀጥቃጭ ያወጣቸውን ካራዎች፣ ማጭዶችና መጥረቢያዎች ያያል። ሰንጢው ከባሕር ማዶ የመጣ፣ በትንሽ ገንዘብ የሚገኝና ለዓይን የሚያብረቀርቅ ነው። ካራው ጥቁርና ሸካራ ሲሆን ከሰንጢው ይወደዳል። ገዢው ሁለቱን አገላብጦ አይቶ አንዱን ይዞ ይሄዳል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ምርጫ በምን ሚዛን ሊመዘን እንደሚገባው መመርመር ነው።

በእኛ በተማሪዎች መካከል ስለዚህ ጉዳይ ክርክር በተነሣ ቁጥር የሚሰሙት ሁለት ዐሳቦች ናቸው። አንደኛው ወገን «ርካሽ የውጭ ሰንጢ ከንቱ ነው፤ ገንዘብ ይበላል፤ የአገሩን ቀጥቃጭም እንጀራ ያሳጣል» ይላል። ሁለተኛው ወገን «ገበሬው ሞኝ አይደለም፤ የሚገዛው ስለሚጠቅመው ነውና የፋብሪካ ሥራ ከእጅ ሥራ ይበልጣል» ሲል ይመልሳል። ሁለቱም ወገኖች አንድ የጋራ ጉድለት አለባቸው። ይኸውም ስለቱን ሳይፈትኑ መፍረዳቸው ነው። «ዋጋ» የሚለው ቃላችን የሚከፈለውን ገንዘብም ዕቃው የሚሰጠውን ጥቅምም ስለሚሸከም፣ አንዱ ስለ ገንዘቡ ሲናገር ሌላው ስለ ጥቅሙ ይመልስለታል፤ ስለዚህ ክርክሩ ሳይገናኝ ያልፋል።

በመጀመሪያ ርካሽነት አንድ ዓይነት ብቻ እንዳይደለ መታወቅ አለበት። በፈረንሳይ አገር በሳቩዋ ተራሮች ዦዜፍ ኦፒኔል የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1890 መሥራት የጀመረው ሰንጢ የገበሬና የእረኛ ዕቃ ነበር። የእንጨት እጀታ፣ አንድ ስለትና ጥቂት ብረት ብቻ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1955 ስለቱ ጣት ላይ እንዳይታጠፍ የሚያግድ ተሽከርካሪ ቀለበት ተጨመረለት። ይህ ሰንጢ በአገሩ እስከ ዛሬ ርካሽ ነው፤ የረከሰው ግን ትርፍ ነገር ስለሌለበት እንጂ ብረቱ መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ኦካፒ የተባለው ሰንጢ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1902 በጀርመን አገር ሲጀመር፣ ጀርመን በአፍሪካ በያዘቻቸው አገሮች እንዲሸጥ ታስቦ የተሠራ ነበር። በኋላም እ.ኤ.አ. በ1988 ሥራው ወደ ደቡብ አፍሪካ ተዛወረ። ለአፍሪካ ገበያ ተብሎ በርካሽ የተሠራ ሁሉ ከንቱ ነው የሚለውን ዐሳብ እነዚህ ሁለት ምሳሌዎች ብቻ ሊያፈርሱት ይበቃሉ።

ሁለተኛው ዓይነት ርካሽነት ግን ከብረቱ ተሰርቆ የሚገኝ ነው። ብረት ስለት የሚይዘው በውስጡ ባለው ካርቦንና በእሳቱ አያያዝ ነው። ስለቱ እስኪቀላ ግሎ በውሃ ወይም በዘይት ሲነከር ይጠነክራል፤ ከዚያም እንዳይሰበር በመጠኑ እንደገና ይሞቃል። ካርቦኑ ያነሰ ብረት ወይም እሳቱን በትክክል ያላገኘ ብረት የቱንም ያህል ቢያብረቀርቅ ቶሎ ይደንዛል። ዝገት እንዳይነካው ክሮሚየም የተጨመረበት ብረት ለዝናብና ለላብ ይመቻል፤ ሆኖም ማብረቅረቁ ስለ ጥንካሬው ምንም አይመሰክርም። ስለዚህ ገዢው መልኩን አይቶ «ጥሩ ነው» ማለቱ፣ ተማሪውም ዋጋውን ሰምቶ «ከንቱ ነው» ማለቱ ሁለቱም ያለ ፈተና የተሰጡ ፍርዶች ናቸው።

በእኔ አስተያየት ሰንጢ በአራት ጥያቄዎች መፈተን ይገባዋል። አንደኛ፣ ባለቤቱ ራሱ በወንዝ ድንጋይ ሊስለው ይችላልን? ሁለተኛ፣ ከተሳለ በኋላ ስለቱ ይቆያልን? ሦስተኛ፣ ሲሠሩበት በጣት ላይ ይታጠፋልን? አራተኛ፣ ሞላው ወይም ምስማሩ ቢላላ በአገር ውስጥ የሚጠግነው ሰው አለን? እነዚህን አራቱን ያለፈ ሰንጢ ርካሽ ቢሆንም ክቡር ዕቃ ነው። ሸንኮራ ለመላጥ፣ ገመድ ለመቁረጥ፣ በትር ለመጥረብና እርሳስ ለመቅረጽ ከእርሱ የተሻለ አይገኝም። ከአራቱ ሦስቱን የወደቀ ግን በነጻ ቢሰጥም ውድ ነው፤ ጣት ይቆርጣልና።

ከዚህ ቀጥሎ «የአገር» እና «የውጭ» የሚለውን መለያ እንመልከት። የአገራችን ቀጥቃጭ ዛሬ ጥሩ ካራ ሲያወጣ ብረቱን ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ነው። ባሌስትራ ከባሕር ማዶ የመጣና ካርቦኑ ለስለት የሚበቃ ጥሩ ብረት ነው። እንግዲህ ካራው በከፊል የውጭ ዕቃ ነው ማለት ነው። በሰንጢውና በካራው መካከል ያለው እውነተኛ ልዩነት የብረቱ አገር አይደለም፤ ብረቱን ለዚህ አገር ሥራ የቀረጸው እጅ መኖሩና አለመኖሩ ነው። ቀጥቃጩ ገዢውን ያውቀዋል፤ ለምን ሥራ እንደሚፈልገው ይጠይቀዋል፤ ቢጣመም ያቃናለታል፤ ቢደንዝ ያድስለታል። የሰንጢው ሠሪ ግን አንጋጫ የምትባል አገር መኖሯን አያውቅም።

የዚህ አገር ሥራ ደግሞ ከሁሉ በፊት እንሰት ነው። በኢትዮጵያ ከ20 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ኑሮው ከእንሰት ጋራ የተያያዘ ነው ተብሎ ይገመታል፤ ከምባታና ሐዲያም ከዋናዎቹ የእንሰት አገሮች መካከል ናቸው። እንሰቱ ተቆርጦ ይላጣል፤ በሳንቃ ላይ ተደግፎ በቀርከሃ መፋቂያ ይፋቃል፤ አሚቾው ይደቅቃል። ከጉድጓድ የወጣው ቆጮም ተጨምቆ ቃጫው እንዲያጥር በካራ ይከተፋል። ለዚህ ሥራ ረዥምና ከበድ ያለ ስለት ያስፈልጋል፤ የሚታጠፍ ሰንጢ ምንም አይረዳም። በመሳላ በዓል ሥጋ የሚቆረጠውም በካራ ነው። እንግዲህ ሰንጢው ቀጥቃጩን ያጠፋዋል የሚለው ስጋት ከልኩ ያለፈ ነው። ሰንጢው የሚሠራው ካራው የማይሠራውን ትንሹን ሥራ ነው። ቀጥቃጩን በእውነት የሚወዳደረው ከከተማ የሚመጣው ባለ ፕላስቲክ እጀታ የወጥ ቤት ቢላዋ ነው፤ ስለ እርሱ ግን ስንከራከር አልሰማሁም።

ይህ ዝምታ ምክንያት ያለው ይመስለኛል። ሰንጢ የኪስ ዕቃ ነው፤ ኪስም በገጠራችን በአብዛኛው የወንድ ነው። የእንሰቱን ሥራ የምትሠራው ግን ሴቲቱ ናት፤ የእርሷ ካራ ከቤት አይወጣም፤ ስለዚህም ለክርክር አልቀረበም። ስለ ስለት ዋጋ ስንነጋገር በቀን ብዙ ሰዓት ስለት የምትይዘውን ሰው ረስተን ኪሳችንን ብቻ ከፈተሽን፣ ጥናታችን ከጅምሩ ጎደሎ ነው።

ሌላም ከባድ ነገር አለ። እንሰትን አጠውልግ የሚባል በሽታ ያደርቀዋል። ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጡት ጽሑፍ የበሽታው ምክንያት ዛንቶሞናስ የሚባል ባክቴሪያ መሆኑን አስታወቁ። ይህ በሽታ ከሚተላለፍባቸው ዋና መንገዶች አንዱ በሽተኛውን እንሰት የቆረጠ ስለት ሳይጸዳ ጤነኛውን ሲቆርጥ ነው። የእርሻ ባለሙያዎች ስለቱ በእሳት እንዲለበለብ ወይም በበረኪና እንዲታጠብ ይመክራሉ። እዚህ ላይ የሁለቱ ዕቃዎች ዋጋ በግልጽ ይለያያል። ካራው አንድ ወጥ ብረት ስለሆነ ለመታጠብም ለመለብለብም ይቀላል። የሰንጢው መታጠፊያ ግን የእንሰቱን ጭማቂ በውስጡ ይይዛል፤ እጀታው ፕላስቲክ ከሆነም እሳት አይችልም። ስለዚህ ሰንጢ በኪሱ ያለ ሰው ከጎረቤቱ ጓሮ አንድ ቅጠል ቆርጦ ወደ ራሱ ጓሮ ቢገባና በዚያው ስለት ቢቆርጥ፣ በአንድ ዕቃ ርካሽነት የቤቱን ምግብ ለአደጋ ሊያጋልጥ ይችላል። ካራም ቢሆን በጥንቃቄ ካልሆነ ይጎዳል፤ ስለቱ ሰማያዊ እስኪሆን ከጋለ ጥንካሬው ይፈታል። ለቀጥቃጩም ለገበሬውም ይህን ማስረዳት ስለ ሰንጢ ውበት ከመከራከር ይልቅ ይጠቅማል።

አሁን ወደ ቀጥቃጩ ልመለስ። ለእርሱ እንቆረቆራለን የሚሉት ወንድሞቼ ቅን ሰዎች ናቸው፤ ነገር ግን ሐዘኔታቸው ዘግይቷል። በከምባታና በሐዲያ ቀጥቃጮች፣ ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ ፋቂዎች ለረዥም ዘመን ከሌላው ሰው ጋራ በጋብቻና በማዕድ እንዳይቀላቀሉ ተደርገው ኖረዋል። በደቡብ ኢትዮጵያ ስለተገለሉ ባለሙያዎች ዲና ፍሪማንና አሉላ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ2003 በአዘጋጁት መጽሐፍ ይህ መለያየት በብዙ ሕዝቦች ዘንድ የነበረ መሆኑ በሰፊው ተገልጿል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር። የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅም መሬት ላልነበረው ሁሉ የመሬት ተጠቃሚነትን በር ከፈተ። ሆኖም በአዋጅ የተከለከለ ስድብ ከማዕድ ላይ በአንድ ጊዜ አይጠፋም። የቀጥቃጩን ካራ ይዞ ሥጋ እየቆረጠ፣ ካራውን የሠራውን ሰው ግን ከገበታው ያራቀ ማኅበረ ሰብ፣ «የውጭ ሰንጢ ቀጥቃጩን ጎዳው» ሲል ክሱ ወደ ራሱ ይመለሳል። «ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም» ይባላል። ቀጥቃጩን አስቀድመን ያቀለልነው እኛ ነን፤ ሰንጢው የመጣው በኋላ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። «ድኻው ካራ የሚገዛበት ገንዘብ የለውም፤ ሰንጢውን ግን ዛሬ ሊገዛው ይችላል፤ ታዲያ ምን ይሁን ትላለህ?» የሚል ነው። ይህ ጥያቄ ትክክለኛ ነው። ለምሳሌ ያህል ካራው የሰንጢውን አራት እጥፍ ዋጋ የሚያወጣና ዐሥር ዓመት የሚያገለግል፣ ሰንጢው ደግሞ በየዓመቱ የሚጣል ቢሆን፣ በዐሥር ዓመት ውስጥ ውዱ ሰንጢው ሆኖ ይገኛል። ይሁን እንጂ ድኻ ሰው የዐሥር ዓመት ሒሳብ የሚይዘው የዛሬው ካለፈለት ነው። ስለዚህ ገዢውን መውቀስ አይገባም። የሚገባው ሠሪው ትንሽ፣ ርካሽና አንድ ወጥ የሆነ ካራ ከሰገባው ጋራ እንዲሠራ ማበረታታት፣ ገዢውም በጥቂት በጥቂቱ የሚከፍልበትን መንገድ በዕድርና በዕቁብ በኩል መፈለግ ነው።

በመጨረሻም ፍርዴን ባጭሩ ልናገር። ርካሽ የውጭ ሰንጢ ለትንሽ ሥራ፣ አራቱን ጥያቄዎች እስካለፈ ድረስ፣ መልካም ዕቃ ነውና ልንንቀው አይገባም። ወደ እንሰቱ ጓሮ ግን ሊገባ አይገባውም። የአገሩ ካራ ክብር የሚገባው የአገር ስለሆነ ብቻ ሳይሆን ሥራውን ስለሚያውቅ ነው፤ ይህ ከሆነ ደግሞ ሥራውን ያስተማረው እጅ ከካራው የሚበልጥ ክብር ይገባዋል። ለባልንጀሮቼ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ በሚቀጥለው ዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ አንድ ሰንጢና አንድ ካራ እንግዛ፤ ሁለቱንም በአንድ ድንጋይ ስለን በየዕለቱ እንሥራባቸው፤ የደነዙበትንም ቀን እንመዝግብ። ካራውን ስንገዛ ግን ከቀጥቃጩ ወናፍ አጠገብ ተቀምጠን፣ ከቀረበልንም ቡና ጠጥተን እንመለስ። ከጥናቱ ሁሉ ለብዙዎቻችን የሚከብደው ይህ የመጨረሻው ክፍል ይመስለኛል።