በእንግሊዝኛ «ይባላል» ሲባል ባዩ ማን ነው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንዲት ተማሪ የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፍ ሲገመገም ከፈታኞቹ አንዱ ነበርኩ። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ የቀረበ፣ በአንድ የአማርኛ ልቦለድ የገጸ ባሕርያት አሳሳል ላይ ያተኮረ ነው። በአንድ ገጽ ላይ «ኢት ኢዝ ቢሊቭድ ዛት» የሚለውን፣ በአማርኛ «ተብሎ ይታመናል» የምንለውን፣ አምስት ቦታ አሰመርኩበት። «ያመነው ማን ነው?» ስል ጠየቅኋት። ጥቂት ዝም ካለች በኋላ፣ «እኔ ነኝ፤ ግን በጥናት ጽሑፍ ውስጥ ‹እኔ› አይባልም ተብያለሁ» አለችኝ። «ማን ነው ያለሽ?» ብዬ ለመቀጠል አፌ አልደፈረም፤ በመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቷ ይህንኑ ካሏት መምህራን አንዱ እኔው ነበርኩና።

ይህ አጭር ጽሑፍ የተነሣው ከዚያ ጥያቄ ነው። ዓላማውም አድራጊው የማይጠቀስበትን የእንግሊዝኛ የተገብሮ አወቃቀር በዕለታዊ ንግግርና በምሁራዊ ጽሑፍ ውስጥ መመርመር ነው። የምከራከርበት ነጥብ አንድ ነው፤ ጥፋቱ የአድራጊው መሰወር ሳይሆን፣ ጸሐፊው አድራጊውን ሳያውቀው ወይም እያወቀ ሊሸሽገው ብሎ መሰወሩ ነው።

እንደሚታወቀው በገቢር ዐረፍተ ነገር ባለቤቱ አድራጊው ነው፤ በተገብሮ ግን ተደራጊው የባለቤቱን ቦታ ይይዛል። እንግሊዝኛ ከዚህም አልፎ «ኢት» የምትባለውን፣ እዚህ ቦታ ላይ የራሷ ትርጉም የሌላትን ቃል በባለቤቱ ወንበር ላይ ያስቀምጥና «ኢት ኢዝ ሴድ ዛት» ብሎ የተባለውን ነገር ከኋላ ያስከትላል። ሁለተኛው መንገድ ወሬው የሚመለከተውን ሰው ራሱን ባለቤት ማድረግ ነው፤ «ሂ ኢዝ ሴድ ቱ ቢ ሪች» ሲል «ሀብታም ነው ይባላል» ማለቱ ነው። ይህን ሁለተኛውን ቃል በቃል ወደ ገቢር እንመልሰው ብንል አይመለስም፤ «ዘይ ሴይ ሂም ቱ ቢ ሪች» የሚል የቋንቋው ተናጋሪ የለም። «ሩመርድ» የሚለው ግስም፣ «እየተወራ ነው» ለማለት የሚያገለግለው፣ በዛሬው እንግሊዝኛ ከተገብሮ ውጪ እምብዛም አይገኝም። እንግዲህ «ተገብሮውን ሁሉ ወደ ገቢር ለውጡ» የሚለው የመማሪያ ክፍል ምክር ገና ከመነሻው በሰዋስው ይሰናከላል።

ይህ አወቃቀር የመጻሕፍት ብቻ ነው የሚሉ አሉ። በከፊል እውነት አላቸው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው በማዕድ ቤቱ ሲጫወት «ኢት ኢዝ ሴድ» ቢል ስብከት የጀመረ ይመስላል፤ እሱ የሚለው «ዘይ ሴይ»፣ ማለትም «ይላሉ» ነው። ይሁን እንጂ ከዚሁ ወገን የሆነ አንድ አወቃቀር በየዕለቱ ከአፉ አይጠፋም። «አይ አም ሰፖዝድ ቱ ጎ» ሲል «መሄድ ይጠበቅብኛል» ማለቱ ነው። «ሰፖዝ» መገመት ማለት ነው፤ ከጊዜ በኋላ ግን ግምቱ ወደ ግዴታ ተለወጠ። የጠበቀው ማን ነው? እናቱ ትሁን አለቃው፣ ሕግ ይሁን ይሉኝታ፣ ማንም አይጠይቅም። ያዘዘው ሳይታወቅ ትእዛዙ ብቻውን ቆሞ ቀረ።

ወደ ጽሑፉ ዓለም ስንመጣ፣ በተገብሮ ላይ ከተሰነዘሩት ትችቶች እጅግ የታወቀው የጆርጅ ኦርዌል ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 ባሳተመው «ፖለቲካና የእንግሊዝኛ ቋንቋ» በተሰኘ ድርሰቱ ውስጥ፣ በገቢር መጻፍ ሲቻል በተገብሮ እንዳይጻፍ ያዝዛል። ድርሰቱን የከፈተ አንባቢ ግን በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ላይ ይኸንኑ አወቃቀር ያገኘዋል። የእንግሊዝኛን መበላሸት ለማቃናት ምንም ማድረግ እንደማይቻል «በጥቅሉ ይታሰባል» ይላል፤ አሳቢውን አይጠራም። አንዳንድ ተቺዎች ይህንን ይዘው በግብዝነት ከሰውታል። እኔ ክሱን አልቀበለውም። ኦርዌል እዚያ ላይ የሚያነሣው ሊሞግተው የተዘጋጀውን የብዙኃን አስተሳሰብ ነው፤ አንባቢውም ራሱን ከብዙኃኑ መካከል ስለሚያገኝ የስም ዝርዝር አያስፈልገውም።

የበለጠ የሚያስገርመኝ ሌላው ቦታ ነው። በድርሰቱ ኃይለኛ ክፍል ውስጥ መንደሮች ከአየር ሲደበደቡ፣ ነዋሪዎች ሲባረሩ፣ ከብቶች በመትረየስ ሲረሸኑ ያሳየንና ይህ ሁሉ «ሰላም ማስፈን» ተብሎ እንደሚጠራ ይነግረናል። ግሶቹ በሙሉ ተገብሮ ናቸው፤ ደብዳቢውም ሆነ ስም አውጪው አልተጠቀሰም። ሆኖም ዐረፍተ ነገሩ ደካማ ነው ያለ ሰው አላጋጠመኝም። ዓይናችን በተጠቂዎቹ ላይ እንዲያርፍ ያደረገው ያው የተወገዘው ተገብሮ ነውና። ደራሲው ከሕጉ ይልቅ ጆሮውን ታዝዟል ማለት ነው።

ይህ ማለት ግን የኦርዌል ስጋት መሠረት የለውም ማለት አይደለም። የአሜሪካው ፕሬዚደንት ሮናልድ ሬገን እ.ኤ.አ. በጥር 1987 ለምክር ቤቱ ባሰሙት ዓመታዊ ንግግር ስለ ኢራን ጉዳይ ሲናገሩ፣ አደጋ ያለበትን እርምጃ እኔ ወሰድኩ፣ ባለመሳካቱም ኃላፊነቱ የእኔ ነው አሉ። ጥቂት ወረድ ብለው ግን ከባድ ስህተቶች «ተፈጽመዋል» አሉ። እርምጃው «እኔ» የሚል ባለቤት ሲኖረው ስህተቶቹ ያለ ባለቤት ቀሩ። በአንድ ትንፋሽ ውስጥ ከገቢር ወደ ተገብሮ መሻገሩ ራሱ የሚነበብ ነገር ነው።

የምሁራን እንግሊዝኛስ? «እኔ» በሳይንስ ጽሑፍ ሁልጊዜ የተከለከለ አልነበረም። አይዛክ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1672 የታተመውን ስለ ብርሃንና ቀለማት የሚያትት ደብዳቤውን የጻፈው በአንደኛ መደብ ነው። ዋትሰንና ክሪክ እ.ኤ.አ. በ1953 የዲኤንኤን ቅርጽ ሲያስተዋውቁ በ«እኛ» ጀመሩ። ግኝቱ ለዘር ውርስ ያለውን ትርጉም የጠቆሙበት ዝነኛ ዐረፍተ ነገር «ኢት»ን ቢያስቀድምም፣ ልብ ያሉት እነሱ ራሳቸው መሆናቸውን አልደበቀም። ዛሬም የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር የአጻጻፍ መመሪያ፣ ተመራማሪው ስለ ራሱ ሥራ ሲጽፍ በአንደኛ መደብ እንዲጠቀም ይመክራል።

በጥናት ጽሑፎች ውስጥ የሚገኘውን የዚህ አወቃቀር አጠቃቀም በሦስት እከፍለዋለሁ። አንደኛው «ተረጋግጧል» ተብሎ ምንጭ የሚከተለው ነው፤ አድራጊው በምንጩ ውስጥ አለ። ሁለተኛው ከሠንጠረዥ በታች «እንደሚታየው» የሚባለው ነው፤ አድራጊው ገጹን የገለጠ ሁሉ ነው። ሦስተኛው ምንጭም ማስረጃም ሳይከተለው «ይታመናል» የሚለው ነው። ይህ ሦስተኛው ዕዳ ነው፤ ከፋዩ ግን አልታወቀም።

ነገሩን የፈረንጅ አመል ብለን እንዳንገላገለው የራሳችን ቋንቋ ያግደናል። እንግሊዝኛ እንደ መሄድ ያለውን ተሳቢ የማይሻ ግስ ባለቤት ወደሌለው ተገብሮ ሊለውጥ አይችልም፤ አማርኛ ግን «በዚህ በኩል ይኬዳል» ይላል። ሄያጁም ባለቤቱም የሉም፤ መሄዱ ብቻ አለ። በሌላ በኩል ጨዋታ ላይ «መጣ አሉ» ስንል ወሬው የሌላ ሰው መሆኑን በአንዲት ቃል አስታውቀናል፤ ሰሚውም «እነማን?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። «ተብሎ ይታመናል» የሚለው የጥናት ቋንቋችን ግን ይህን የመጠየቅ መብት ከአንባቢው ይወስዳል።

ስለዚህ ለተማሪዎቼ የምሰጠው ምክር ከዚያ ቀን ወዲህ ተለውጧል። ተገብሮን አልከለክልም፤ «እኔ» አይባልም ማለትንም ትቻለሁ። አድራጊው ባልተጠቀሰበት ቦታ ሁሉ «በማን?» ብለው በእርሳስ እንዲጽፉና መልሱን እንዲፈልጉ ብቻ እጠይቃለሁ። ያቺ ተማሪ ጽሑፏን አርማ ስትመለስ አምስቱን «ይታመናል» አንድ በአንድ አየኋቸው። ሁለቱ ምንጭ አግኝተዋል፤ ሁለቱ «እኔ እንደማምነው» ሆነዋል። አምስተኛው የለም። ስለ እሱ ስጠይቃት፣ «ፈለግሁ፤ ያመነው ሰው አጣሁ» አለችኝ።