ሽፋኑን እያያችሁ ስሙት፦ ስለ ቻርሊ ፕራይድ የመጀመሪያ አልበም

ቻርሊ ፕራይድን መጀመሪያ የሰማሁት አባቴ ከጓደኛው ባስቀዳው ካሴት ነው። ሽፋን የለውም፤ ጎኑ ላይ በእስክሪብቶ «ካንትሪ» ተብሎ ተጽፏል፣ አለቀ። ከኬኒ ሮጀርስ ቀጥሎ ስለሚመጣ እሱም ነጭ ነው ብዬ ደመደምኩ። ከዓመታት በኋላ ፎቶውን ሳይ ደነገጥኩ። ቀጥሎ መደንገጤ ራሱ አሳፈረኝ።

እንደኔ የተሳሳተው ብዙ ነው። ፕራይድ ሚሲሲፒ ውስጥ ስሌጅ በምትባል ቦታ፣ ጥጥ ከሚያመርት የእኩል አራሽ ቤተሰብ የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። አርሲኤ እ.ኤ.አ. በ1966 የመጀመሪያ ነጠላ ዘፈኖቹን ለሬዲዮ ጣቢያዎች ሲልክ ፎቶ አላያያዘም። በዚያው ዓመት ዲትሮይት ውስጥ ትልቅ መድረክ ላይ ሲወጣ፣ ስሙ ሲጠራ የጀመረው ጭብጨባ መልኩ ሲታይ ጸጥ አለ። እሱም በገዛ ቆዳው ቀልዶ ዘፈነ፤ ሕዝቡም ተቀበለው።

ይህ ታሪክ ሁሌም «ድምፁ አሸነፈ» ተብሎ ይዘጋል። ለኔ አይዋጥልኝም። ሥራዬ ሶፍትዌር ነው፦ አንድ መረጃ ስትደብቁ የሚሠራ፣ ስታሳዩት የሚበላሽ ፕሮግራም ካለ፣ ስህተቱ መረጃው ላይ አይደለም፤ የሚያነበው ኮድ ላይ ነው። ዲትሮይት ላይ የተፈተነው ዘፋኙ አልነበረም።

በዚያው ዓመት የወጣው «ካንትሪ ቻርሊ ፕራይድ» ግን ፊቱን አልደበቀም። ይልቅ ስሙ ላይ «ካንትሪ» የሚለውን ቃል በር ላይ እንደሚታይ መታወቂያ ለጠፈ። እውነቱን ለመናገር አልበሙ ጥንቁቅ ነው። አብዛኛው ሌሎች ያስተዋወቁት ዘፈን ነው፤ «በስትድ»፣ «ግሪን ግሪን ግራስ ኦፍ ሆም» የመሳሰሉት። የመግቢያ ፈተና ይመስላል፦ የምታውቁትን ሁሉ እኔም አውቀዋለሁ የሚል።

«ዲትሮይት ሲቲ» ላይ ስንደርስ ግን ነገሩ ይለወጣል። በ1963 ቦቢ ቤር ያስተዋወቀው ዘፈን ነው። ከደቡብ ወጥቶ ዲትሮይት መኪና የሚገጣጥም ሰው የጥጥ እርሻውን ይናፍቃል፤ ለቤተሰቡ ግን እንደተሳካለት አስመስሎ ይጽፋል። ከአረብ አገር «ደህና ነኝ» የሚል ስልክ የተደወለለት ይህን ውሸት ያውቀዋል። በቤር አፍ ናፍቆት ነው። ፕራይድ ግን በልጅነቱ ያንን ጥጥ በእጁ የለቀመ ነው፤ እንደሱ ያሉ እልፍ ጥቁሮችም ከሚሲሲፒ ሸሽተው የሄዱት ወደ ዲትሮይት ነው። ያደማህ ቦታ ይናፈቃል? ፕራይድ አይመልስም። ድምፁን አያነሳም፣ አያለቅስም፣ ግጥሙን ቀጥ አድርጎ ብቻ ይዘፍነዋል። እኔን የሚይዘኝ ይኸው ቀጥ ማለቱ ነው። ጥንቃቄው እዚህ ጋ ፍርሃት መሆኑ ቀርቶ ክብር ይሆናል።

ከዚያ በኋላማ መንገዱ ተከፈተለት። በ1967 ግራንድ ኦል ኦፕሪ መድረክ ላይ ቆመ፤ በ1971 የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር የዓመቱ ምርጥ አቅራቢ ብሎ ሸለመው። «ድምፁ አሸነፈ» የሚሉ ግን አንድ ነገር ይዝለላሉ፦ ፕራይድ በ1983 ለመጨረሻ ጊዜ አንደኛ ከወጣ ወዲህ፣ ሌላ ጥቁር ዘፋኝ ለብቻው የካንትሪ ሰንጠረዡን እስኪመራ እስከ 2008፣ እስከ ዳሪየስ ራከር ድረስ 25 ዓመት ተጠብቋል። አንድ ሰው አለፈ እንጂ ኮዱ አልተስተካከለም።

የአባቴ ካሴት ዛሬ የለም። አልበሙን ኢንተርኔት ላይ ታገኙታላችሁ። ከ«ዲትሮይት ሲቲ» ጀምሩ፤ ሽፋኑን እያያችሁ።