መብራቷ ብልጭ ማለቷ አይበቃም

ማይክሮኮንትሮለር ፕሮግራም ማድረግ የሚማር ሰው አንዲት መብራት ብልጭ ድርግም ስትልለት ይደሰታል፤ ደስታውም ተገቢ ነው። የሥራውን ጥራት ግን መብራቷ አትናገርም። ፕሮግራሙ ነገ የውኃ ፓምፕ ሊቆጣጠር ይችላል፤ ሲደናገር አጥፍቶ የሚያበራው ሰው አጠገቡ አይኖርም። ስለዚህ የሚመዘነው ለወራት ብቻውን ሲተው በሚያሳየው ጠባይ ነው። አርዱዊኖ ኡኖ R3 ላይ ያለውን ቺፕ፣ አትሜጋ 328ፒን፣ ይዘን እንመዝን።

መጀመሪያ ጊዜ አጠባበቁን እዩ። ጀማሪ በ«ዲሌይ» ሁሉንም ነገር ያስቆማል፤ በዚያ መካከል የተጫነ ቁልፍ ሳይታይ ያልፋል። የበሰለ ባለሙያ ሰዓቱን እያየ ሌላውን ሥራ ይቀጥላል። ሒሳቡንም መርምሩ፦ ሚሊሰኮንድ የሚቆጥረው ባለ 32 ቢት ቆጣሪ በ49.7 ቀን ገደማ ሞልቶ ከዜሮ ይጀምራል። በአሁኑ ሰዓት ላይ ደምሮ ቀጠሮ የሚይዝ ኮድ ያን ጊዜ ይሳሳታል፤ ካሁኑ ሰዓት ያለፈውን ቀንሶ ልዩነቱን የሚመዝን ግን በሰላም ይሻገራል። ነገሩ ቀላል አይደለም፦ እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ የአቪዬሽን ተቆጣጣሪ፣ ቦይንግ 787 ኤሌክትሪኩ ሳይቋረጥ 248 ቀን ከቆየ የጀነሬተር መቆጣጠሪያዎቹ ቆጣሪ ሞልቶ ኃይል ሊጠፋ ስለሚችል፣ አውሮፕላኑ በየጊዜው ኃይሉ እንዲቋረጥ አዟል።

ቀጥሎ ኢንተራፕቱ፣ ማለትም ዋናውን ሥራ ለአፍታ አቋርጦ የሚገባው ኮድ። አጭር ይሁን፤ ምልክት ትቶ ይውጣ፣ ሥራው በዋናው ዙር ይሠራ። ቺፑ ባለ 8 ቢት ስለሆነ ባለ 16 ቢት ቁጥርን በሁለት ከፍሎ ያነባል። መሐል ላይ ኢንተራፕት ከገባ ግማሹ አሮጌ፣ ግማሹ አዲስ የሆነ ቁጥር ይወጣል። ቁጥሩ በኢንተራፕት ሊለወጥ እንደሚችል ለኮምፓይለሩ የሚናገረውን «ቮላታይል» መጻፍ ያስፈልጋል፤ ከዚህ ግን አያድንም። ንባቡ እስኪያልቅ ኢንተራፕቱን ለአፍታ የሚዘጋ መስመር ካገኛችሁ፣ ጸሐፊው ቺፑን ያውቀዋል።

የማኅደረ ትውስታ አጠቃቀሙንም እዩ፦ ራሙ 2 ኪሎባይት ብቻ ነው። ቋሚ ጽሑፎችን 32 ኪሎባይት ባለው ፍላሽ ውስጥ የተወና መጠናቸው አስቀድሞ በታወቀ ቦታዎች የሚሠራ ኮድ ይታመናል። በየደቂቃው ቦታ እየጠየቀ የሚመልስ ግን ራሙን ይቆራርጠዋል፤ አንድ ቀን ባዶ ባይት ሞልቶ ሳለ የሚበቃው ተያያዥ ቦታ ያጣል።

ከሁሉም የምወደው መመዘኛ ዋችዶግ ነው፤ ፕሮግራሙ ተቆልፎ በጊዜው ሳያድሰው ሲቀር ቺፑን ዳግም ያስነሳል። የት እንደሚታደስ ፈልጉ። በታይመር ኢንተራፕት ውስጥ ከሆነ ዋናው ዙር ቢሞትም መታደሱ ይቀጥላል፤ ጥበቃው ከንቱ ነው። በጥሩ ሥራ የሚታደሰው በአንድ ቦታ፣ ሴንሰሩ መነበቡና ፓምፑ መታዘዙ ከተረጋገጠ በኋላ ነው።

የራሳችሁንም ሥራ እንዲሁ ፈትኑ፦ ቆጣሪውን ሊሞላ ከተቃረበ ቁጥር አስጀምሩ፣ የሴንሰሩን ሽቦ ንቀሉ፣ ዙሩን ሆን ብላችሁ ቆልፉ። ፓምፑ ጠፍቶ ከቆየና ፕሮግራሙ ለምን ዳግም እንደተነሳ መዝግቦ ከተገኘ፣ ሥራው ለሰው ሊሰጥ ይችላል።