የዝግተኞቹ ዘፈኖች ክብደት፦ ስለ ስኪድ ሮው ሁለተኛ አልበም

ለ1980ዎቹ የአሜሪካ ግላም ሜታል ቡድኖች ዝግ ያለ የፍቅር ዘፈን የገበያ መሣሪያ ነበር። ቡድኑ መድረክ ላይ ስሙን የሚያስጠራው በፈጣኖቹ ነው፤ ሬዲዮ የሚያዘወትርለት ግን ለአንዲት ልጅ የተዘፈነችውን ነው። የኒው ጀርሲው ስኪድ ሮውም እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣው የመጀመሪያ አልበሙ በዚሁ መንገድ ሄዶ «አይ ሪሜምበር ዩ»ን በቢልቦርድ የነጠላ ዜማዎች ሠንጠረዥ 6ኛ ደረጃ ላይ አድርሷል።

በጁን 1991 ስለወጣው «ስሌቭ ቱ ዘ ግራይንድ» ሲወራ ዘወትር የሚነሳው ፍጥነቱና ጉልበቱ ነው። በእኔ ግምት ከሁሉ የጠለቀው ለውጥ ያለው በዝግተኞቹ ሦስት ዘፈኖች ውስጥ ነው።

ፈጣኖቹን ለማሳነስ አይደለም። የአልበሙ መጠሪያ የሆነው ዘፈን ወደ ትራሽ ሜታል ይጠጋል። የዴቭ ሳቦና የስኮቲ ሂል ጊታሮች ከበፊቱ ደረቅና ከባድ ሆነዋል፤ የመጀመሪያውንም አልበም የሠራው ፕሮዲውሰር ማይክል ዋግነር ብዙውን ጌጥ አራግፎታል። «መንኪ ቢዝነስ» በብሉዝ ማንጎራጎር ጀምሮ ድንገት ሲፈነዳ ዛሬም ያስደነግጣል። «ክሪፕሾው» እና «ራዮት አክት» ግን ቦታ ከመሙላት አያልፉም።

ወደ ሦስቱ እንምጣ። «ኩዊክሳንድ ጂሰስ» እምነት ከእግሩ ሥር የሚከዳው ሰው ጥያቄ ነው። «ኢን ኤ ዳርክንድ ሩም» ስለተሰረቀ የልጅነት ንጽሕና ይናገራል። መዝጊያው «ዌስትድ ታይም» ደግሞ በሱስ ለሚጠፋ ወዳጅ የቀረበ ወቀሳና ልመና ነው። ከሦስቱ በአንዱም የምትለመን ፍቅረኛ የለችም። አወቃቀራቸው ግን አልተለወጠም፤ ለስለስ ያለ ጊታር፣ ቀስ በቀስ የሚያድግ ድራም፣ መጨረሻ ላይ የድምጻዊው ጩኸት። ሴባስቲያን ባክ ያንን የግላም ጩኸት አልተወውም፤ ለማባበል ይውል የነበረውን ግን ለሐዘን አዋለው። ስለዚህ አልበሙ ግላምን ከድቶ ሄቪ ሜታል ገባ የሚለው ፍርድ ግማሽ እውነት ነው።

ዋጋም አስከፍሏል። ከአልበሙ የወጡት ነጠላ ዜማዎች አንዳቸውም እንደ ቀደሙት ሠንጠረዡ አናት አካባቢ አልደረሱም። አልበሙ ግን በወጣበት ሳምንት በቀጥታ 1ኛ ሆኖ ገባ። ተቃርኖው የሚፈታው በአቆጣጠሩ ነው። ቢልቦርድ እስከ ሜይ 1991 ድረስ የአልበም ደረጃ የሚያወጣው ሱቆችን ጠይቆ በሚያገኘው ግምት ነበር። ሳውንድስካን የተባለው ሥርዓት ከመጣ በኋላ ባርኮድ ሲነበብ የተመዘገበው ሽያጭ ይቆጠር ጀመር። ሬዲዮ ባያጫውትለትም አልበሙ ገና ሲወጣ ሱቅ የሚሰለፈው የሜታል አድማጭ ያኔ በቁጥር ታየ፤ በአዲሱ ሥርዓት በቀጥታ 1ኛ ሆኖ የገባው የመጀመሪያው የሄቪ ሜታል አልበምም ይኸው ሆነ። የኒርቫና «ኔቨርማይንድ» የወጣው በሴፕቴምበር ነው። ግላምን ከሲያትል የመጡ ልጆች በአንድ ሌሊት ቀበሩት የሚሉ ሰዎች ይህን የሦስት ወር ቅድሚያ ቢያስተውሉት ደግ ነው።

የሽፋኑ ሥዕልም ከዚሁ ነገር ጋር ይሄዳል። የሣለው የባክ አባት ዴቪድ ቢርክ ሲሆን መነሻው ካራቫጆ በ1608 የሠራው የቅድስት ሉሲያ ቀብር ነው። የዘውጉ ሽፋኖች አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳዩት የቡድኑን አባላት መልክና ፀጉር ነበር፤ እዚህ ግን ፊት ለፊት የሚታየው በጥላ የተከበበ ሕዝብ ነው። የአባትየውም የልጅየውም ዘዴ አንድ ይመስለኛል፦ የተወረሰውን ቅርጽ ሳያፈርሱ ሌላ ጉዳይ ማሸከም።

ቡድኑ ራሱ ከዚህ አልበም የወሰደው ትምህርት ክብደቱን ብቻ ይመስላል። በ1992 ጉዞው ፓንቴራን መድረክ ከፋች አድርጎ ይዞ ዞረ። በ1995 በቦብ ሮክ ፕሮዲውሰርነት የወጣው «ሰብሂዩማን ሬስ» ይበልጥ ሻካራ ሆነ፤ የ«ዌስትድ ታይም»ን ያህል የሚያሳምም ዝግተኛ ዘፈን ግን አላገኘሁበትም። በቀጣዩ ዓመት ባክ ከቡድኑ ተለየ።