ሁለት ዋት ቤት ሲሞላ

ለሄድፎን ተብሎ የተሠራ የቲዩብ አምፕሊፋየር ጉልበቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዋት፣ ቢበዛ ሁለት ወይም ሦስት ዋት ነው። በመቶ ዋት የሚጠሩ ዕቃዎችን የለመደ ሰው ይህ ትንሽ ሣጥን ስፒከር ነድቶ ሳሎን ይሞላል ሲሉት አያምንም። ይሞላል። ብዙ ጊዜም ከትልልቆቹ ይልቅ የዘፋኙን ትንፋሽ አቅርቦ ያሰማል። ይሁንና ማንኛውም አምፕሊፋየር ከማንኛውም ስፒከር ጋር አይስማማም፤ በቲዩቦቹ ብርሃን ዓይን ማርኮ ጆሮን የሚያሳዝን ሥራም ገበያው ላይ ሞልቷል። ጥሩውን ለመለየት እኔ የምይዘው ሚዛን ድምፁ ዝቅ ሲል ምን ይተርፋል የሚለው ነው። ቮልዩሙ ወርዶ ቤዙ ካልጠፋ፣ ዘፋኙ ከመሀል ካልሸሸ፣ ከሥር ጉርምርምታ ካልመጣ፣ ሠሪው ሥራውን ያውቃል።

መጀመሪያ መታየት ያለበት ስፒከሩ ነው። ስፒከር ከሚቀበለው ኤሌክትሪክ አብዛኛውን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ከዕቃው ጋር በሚመጣው ወረቀት ላይ ሴንሲቲቪቲ ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር፣ ስፒከሩ 1 ዋት ተሰጥቶት በ1 ሜትር ርቀት ላይ ስንት ዴሲቤል እንደሚያሰማ ይናገራል። 92 ዴሲቤል የሚያሰማው እንኳ ወደ ድምፅ የሚለውጠው ከመቶ አንድ እጅ ያህሉን ብቻ ነው። ድምፁን በ3 ዴሲቤል ከፍ ለማድረግ ጉልበቱ እጥፍ፣ በ10 ዴሲቤል ከፍ ለማድረግ ደግሞ ዐሥር እጥፍ መሆን አለበት። ስለዚህ ባለ 85 ዴሲቤሉ የመደርደሪያ ስፒከር በ20 ዋት የሚያደርሰውን ድምፅ ባለ 95ቱ በ2 ዋት፣ ባለ 105ቱ በ0.2 ዋት ያደርሰዋል። ይህን ሒሳብ ከግዢ በፊት ወረቀት ላይ መሥራት ብዙ ገንዘብ ያድናል።

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። ፊልም ድምፅ ካወጣ በኋላ የአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች በመቶዎች የሚቆጠር ተመልካች የተቀመጠበትን አዳራሽ በጥቂት ዋት ማዳረስ ነበረባቸው። እ.ኤ.አ. በ1938 የወጣውና ዛሬም ስሙ በአክብሮት የሚነሳው የዌስተርን ኤሌክትሪክ 300ቢ ቲዩብ ለብቻው ሲሠራ የሚሰጠው 8 ዋት ገደማ ነው። ጉልበት ውድ ስለነበር መሐንዲሶቹ ጥበባቸውን ስፒከሩ ላይ አዋሉት፤ ከሚንቀጠቀጠው አካል ፊት እየሰፋ የሚሄድ ሆርን ገጠሙለት። ፖል ክሊፕሽ እ.ኤ.አ. በ1946 በአርካንሳስ ግዛት፣ ሆፕ በምትባል ከተማ ድርጅቱን ሲያቋቁም ይህንኑ ሐሳብ ወደ መኖሪያ ቤት አመጣው። የእሱ ክሊፕሽሆርን በክፍሉ ማዕዘን ተጠግቶ ይቆምና ሁለቱን ግድግዳዎች የሆርኑ ቀጣይ አድርጎ ይጠቀምባቸዋል፤ ሴንሲቲቪቲውም 105 ዴሲቤል ተብሎ ይጻፋል። ስለዚህ ባዶ ማዕዘን በሌለበት ቤት ይህን ስፒከር አስቀምጦ ቤዝ የለውም ብሎ መፍረድ አግባብ አይደለም።

ቁጥሩን ሲያነቡ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንዳንዱ አምራች በ1 ዋት ፈንታ በ2.83 ቮልት ይለካል። ለ8 ኦም ስፒከር ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ለ4 ኦም ስፒከር ግን 2.83 ቮልት 2 ዋት ስለሚሆን ስፒከሩ ያልሠራበትን 3 ዴሲቤል ይሸለማል። ከዚህ ይልቅ የሚከብደው ስፒከሩ ከረንትን የሚቃወምበት፣ በኦም የሚለካው የኢምፒዳንስ ጉዳይ ነው። ባለ 8 ኦም ተብሎ ተጽፎበት በአንዳንድ ድምፅ ላይ ወደ 3 ኦም የሚወርድ ስፒከር ትንሽ የቲዩብ አምፕሊፋየርን ያደክማል። ከ6 ኦም በታች የማይወርድ፣ ከ95 ዴሲቤል በላይ የሆነ፣ ውስጡም ድምፁን ለየድራይቨሩ በሚያከፋፍል ክሮስኦቨር ያልተወሳሰበ ቢሆን ይመረጣል። እንደ ፎስቴክስና ላውዘር ያሉት ባለ አንድ ድራይቨሮች የሚወደዱበት አንዱ ምክንያት በአምፕሊፋየሩና በድምፁ መካከል የሚገባባቸው ነገር ጥቂት በመሆኑ ነው።

ወደ አምፕሊፋየሩ እንምጣ። የሄድፎን የቲዩብ አምፕሊፋየሮች ሁለት ወገን ናቸው፤ መውጫቸው ላይ ትራንስፎርመር ያላቸውና የሌላቸው። ትራንስፎርመር የሌላቸው፣ ለምሳሌ በ6080 ቲዩብ የሚሠራው ቦትልሄድ ክራክ፣ እንደ ሴንሃይዘር ኤችዲ 600 ላሉ ባለ 300 ኦም ሄድፎኖች የተሠሩ ናቸው፤ በዚያ ቦታቸው ላይ ድንቅ ናቸው። ስፒከር ላይ ግን አይሆኑም፤ ምክንያቱ በቁጥር ይታያል። እንዲህ ያለ ቲዩብ በ40 ሚሊአምፔር የሚሠራ ከሆነ ወደ ውጭ ሊገፋ የሚችለው ከረንት ከዚያ ብዙ አይዘልም። ያ ከረንት በ300 ኦም ላይ 240 ሚሊዋት ይሆናል፤ ለሄድፎን ተርፎ የሚፈስ ነው። በ8 ኦም ላይ ግን 6.4 ሚሊዋት ብቻ ነው። መውጫው ላይ ያለው ካፓሲተርም ሌላ ችግር ያመጣል። 100 ማይክሮፋራድ ቢሆን፣ በ300 ኦም እስከ 5 ኸርዝ ድረስ የሚያሳልፈው ያው ካፓሲተር በ8 ኦም ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን ሁሉ መቁረጥ ይጀምራል። የቤዝ ጊታሩም፣ የከበሮውም፣ የወንድ ድምፅ ሥሩም ያለው እዚያ ነው።

ስለዚህ ለሻጩ የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ የመውጫ ትራንስፎርመር አለው ወይ የሚል ነው። በዓይንም ይታወቃል፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ የመብራት ትራንስፎርመርና ሁለት የመውጫ ትራንስፎርመሮች፣ በድምሩ ሦስት የብረት ጉብታዎች ከቲዩቦቹ ኋላ ይቆማሉ። ሁለተኛው ጥያቄ ለ8 ኦም የተዘጋጀ መውጫ አለው ወይ ነው። ለ32 ኦም ተብሎ የተጠመጠመ መውጫ ላይ የ8 ኦም ስፒከር ቢሰካ ቲዩቡ ማየት ከሚገባው ጭነት ሩቡን ብቻ ያያል፤ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ድምፁም ይበላሻል።

የመውጫ ትራንስፎርመር የዚህ ዕቃ ነፍስ ነው፤ እዚህ ላይ ሳይቸኩሉ መቆየት ተገቢ ነው። ቲዩቡ ብዙ ቮልትና ጥቂት ከረንት ይሰጣል፤ ስፒከሩ የሚፈልገው ደግሞ ጥቂት ቮልትና ብዙ ከረንት ነው። 5,000 ኦም የሚፈልገውን ቲዩብ ከ8 ኦም ስፒከር ጋር ለማስታረቅ አንደኛው ጥምጥም ከሌላው 25 እጥፍ ዙር ሊኖረው ይገባል። አንድ ቲዩብ ብቻውን በሚሠራበት አሠራር በጥምጥሙ ውስጥ የማያቋርጥ ቀጥተኛ ከረንት ስለሚያልፍ ብረቱ በማግኔት እንዳይጠግብ መሀሉ ላይ ቀጭን ክፍተት ይተውለታል፤ ክፍተቱ የሚያጎድለውን ለማካካስ ደግሞ ብረቱ መብዛት አለበት። ቤዝ ብረት ይበላል። በአንድ ዓይነት ቮልት 40 ኸርዝ ከ80 ኸርዝ ሁለት እጥፍ የማግኔት ፍሰት ይጠይቃል። ወጪ ለመቆጠብ ትንሽ ብረት ያስገባ ሠሪ ሥራው የሚጋለጠው እዚህ ነው፤ ወረቀቱ ላይ 2 ዋት ብሎ ቢጽፍም ያ 2 ዋት የተለካው በ1,000 ኸርዝ ይሆናል። ስለዚህ ዕቃውን ያንሱት፤ ክብደቱ ብዙ ይናገራል። ከዚያ የባስ ክራር ወይም የኮንትራባስ ቅጂ ከፍተው ቮልዩሙን ቀስ እያሉ ይጨምሩ። ጥሩው ትራንስፎርመር ላይ ቤዙና ዘፋኙ አብረው ያድጋሉ። መናኛው ላይ ዘፋኙ ገና ንጹሕ ሳለ ቤዙ ይሻክራል፣ ከዚያም ሻካራነቱ ወደ ዘፋኙ ይጋባል።

ሌላው መለኪያ የመውጫው ኢምፒዳንስ ነው፤ ይህን መልቲሜትር ያለው ሁሉ ራሱ ሊፈትሸው ይችላል። መውጫው ላይ የ300 ኦም ሬዚስተር አስረው የ400 ኸርዝ ድምፅ ይላኩና ንባቡን በኤሲ 1 ቮልት ላይ ያቁሙት። ከዚያ ቮልዩሙን ሳይነኩ በ8 ኦም ሬዚስተር ይተኩት። ንባቡ ወደ 0.8 ቮልት ከወረደ የመውጫው ኢምፒዳንስ 2 ኦም ገደማ ነው፤ ደህና ሥራ ነው። ወደ 0.5 ከወረደ 8 ኦም ነው፤ ስፒከሩ እንዳሻው ይሆናል ማለት ነው። ኢምፒዳንሱ ከ6 እስከ 40 ኦም የሚዋዥቅ ስፒከር በመጀመሪያው አምፕሊፋየር የ2 ዴሲቤል ያህል ልዩነት ያሳያል፤ በሁለተኛው ግን ወደ 6 ዴሲቤል ይጠጋል። ያን ጊዜ የሚሰማው አብጦ የሚንከባለል ቤዝ ነው። ብዙ ሰው ይህን የቲዩብ ሙቀት ነው ብሎ ያደንቀዋል፤ እኔ አልስማማም። የቲዩብ ደግነት የሰው ድምፅ ላይ ባለው ሥጋና ትንፋሽ ይታወቃል፤ ለቀቅ ያለ ቤዝ ጉድለት ነው።

አሁን ጸጥታውን እንፈትሽ። ሙዚቃውን ያጥፉ፤ ቮልዩሙን ዜሮ ያድርጉና ጆሮዎን ወደ ስፒከሩ ያስጠጉ። መውጫው ላይ 1 ሚሊቮልት ጫጫታ ያለው አምፕሊፋየር ባለ 84 ዴሲቤል ስፒከር ላይ በ1 ሜትር የሚያሰማው 15 ዴሲቤል ነው፤ ጆሮ አያገኘውም። ያው አምፕሊፋየር ባለ 104ቱ ላይ 35 ዴሲቤል ያሰማል፤ ሌሊት ላይ ቁጭ ብለው ይሰሙታል። በእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ጉርምርምታው በ50 እና በ100 ኸርዝ ይመጣል፤ ጆሮን ይበልጥ የሚያስቸግረው የ100ው ነው። ከግማሽ ሜትር በላይ ሲርቁ የሚጠፋ ከሆነ እቀበለዋለሁ። ከመቀመጫዬ ላይ ከተሰማኝ፣ ሌላው ሁሉ ቢያምር እንኳ አልገዛውም። ቮልዩሙን ሲነኩት የሚጨምርና የሚቀንስ ከሆነ ግን መጀመሪያ ገመዱንና ሙዚቃው የሚመጣበትን ዕቃ ይመርምሩ፤ ጥፋቱ የአምፕሊፋየሩ ላይሆን ይችላል።

ቮልዩሙን ካነሳን ዘንድ፣ ሴንሲቲቪቲው ከፍ ባለ ስፒከር ላይ የምንጠቀመው የቁልፉን የመጀመሪያ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። ርካሽ ቁልፎች ደግሞ ግራና ቀኛቸው የሚለያየው እዚያው መጀመሪያቸው ላይ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፤ በሞኖ የተቀዳ የድሮ ዘፈን ይክፈቱ። ዘፋኙ በሁለቱ ስፒከሮች መሀል መቆም አለበት። ቮልዩሙን ወደ ሹክሹክታ ሲያወርዱት ወደ አንዱ ወገን ከተንሸራተተ ሠሪው ቁልፉ ላይ ቆጥቧል።

ከዚህ በኋላ ያለው የጆሮ ሥራ ነው። ለእኔ በገናን የሚያህል ፈታኝ የለም። ዐሥሩ አውታሮች ከሥራቸው በሚገባው ቁራጭ ቆዳ ምክንያት ይነዝራሉ፤ እያንዳንዱ ምት ዝቅ ያለ ሥርና ከላዩ የሚንዘረዘር ብዙ ድምፅ አለው። የበገና ደርዳሪውን የዓለሙ አጋን ቅጂ በዝግታ ሲከፍቱ ንዝረቱ ሳይሸፈን፣ የአንዱ አውታር ድምፅ ሳያልቅ የሌላው ሲጀምር ሁለቱ ተለይተው መሰማት አለባቸው። ደካማ ሥራ ንዝረቱን ወደ አንድ ወጥ ጉም ይለውጠዋል። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ ደግሞ ሌላ ነገር ይጠይቃል። ጣታቸው ቁልፉን ከለቀቀ በኋላ ድምፁ እየሳሳ የሚሄድበት ጊዜ ርዝመት አለው፤ ጥሩ አምፕሊፋየር ያን መሳሳት እስከ መጨረሻው ይከተለዋል። ማሲንቆ የመካከለኛውን ድምፅ ይመረምራል፤ የጭራው ፍትጊያ ጆሮ ሳይወጋ መሰማት አለበት። በመጨረሻም ብዙ ነፋስ መሣሪያ ያለው ባንድ ከፍተው ከአቅሙ በላይ ይጠይቁት። ጨዋ የቲዩብ አምፕሊፋየር ሲደክመው ድምፁ ይወፍራል፣ ክፍሉ የጠበበ ይመስላል፣ ቮልዩሙን ሲቀንሱለት ወዲያው ይመለሳል። ሲደክመው የሚንቋቋ፣ ከቀነሱለትም በኋላ ለአፍታ የሚያጉረመርም ከሆነ መብራት የሚያቀርበው ክፍሉ ተሰስቶበታል።

ዕቃው ከአሜሪካ በዘመድ በኩል የሚመጣ ከሆነ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ቮልት ሳያነቡ አይሰኩት። ለ120 ቮልት የተሠራ ዕቃ 220 ላይ ቢሰካ ወዲያው ይቃጠላል። ቮልቱን በመቀነሻ ትራንስፎርመር ቢያስተካክሉለት እንኳ ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ብረት በ50 ኸርዝ ይበልጥ ይሞቃልና 50/60 የሚል ጽሑፍ ይፈልጉ። ስታቢላይዘርም ይኑርዎት። ክዳኑን አይክፈቱ፤ ውስጡ 200 እና 300 ቮልት የያዙ ካፓሲተሮች መብራቱ ከጠፋም በኋላ ሰው ሊገድሉ ይችላሉ። ባለ ትራንስፎርመሩን ስፒከር ወይም ሄድፎን ሳያስሩለት ቮልዩም ከፍተው አይተዉት። ከሄድፎን ቀዳዳ ወደ ስፒከር ገመድ ሲያዘጋጁም፣ የተራው ባለ 6.35 ሚሊሜትር ቀዳዳ የግራና የቀኝ ኔጋቲቭ አንድ መሆኑን፣ የባላንስዱ ባለ አራት እግር ግን የተለያየ መሆኑን ይወቁ። የባላንስዱን ሁለት ኔጋቲቭ አንድ ላይ ማሰር አምፕሊፋየሩን ሊያቃጥል ይችላል።

ቲዩብ መለዋወጥ ብዙ የሚወራለት ነገር ነው፤ እኔ መጨረሻ ላይ አስቀምጠዋለሁ። አሮጌ ቲዩብ በውድ ከመግዛት በፊት ያለዎትን በእርሳስ ጫፍ ቀስ አድርገው መታ መታ ያድርጉ፤ ቮልዩሙ በተለመደው ቦታው ላይ ይሁን። ሁሉም ጥቂት ድምፅ ያሰማል፤ በእንዲህ ያሉ ስፒከሮች ላይ ደግሞ ጎልቶ ይሰማል። ደንግጦ ወዲያው ዝም የሚለው ጤነኛ ነው። እንደ ደወል እየጮኸ የሚቆየውን ግን ሻጩ እንዲቀይርልዎ ይጠይቁ።