የመታሰቢያው ብርሃንና መንገደኞቹ አዕዋፍ

በኒው ዮርክ ከተማ በየዓመቱ፣ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ሴፕቴምበር 11 ቀን ማታ፣ ሁለት የብርሃን ዓምዶች ወደ ሰማይ ይቆማሉ። እነዚህም በ2001 በዚያው ዕለት የፈረሱትን ሁለት ታላላቅ ሕንፃዎችና በአደጋው ያለቁትን 2,977 ሰዎች የሚያሳስቡ ናቸው። (ዕለቱ ለእኛ የ1994 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ነበርና መርዶው የደረሰን በዓሉን ሳንጨርስ ነው።)

ሥራው እንደ ሥራ ሲመዘን መልካም ነው። መጀመሪያ የበራው በ2002 በመጋቢት ወር ሲሆን፣ 88 ታላላቅ መብራቶች አሉት፤ የእያንዳንዱም ኃይል 7,000 ዋት ነው። ስም አልተቀረጸበትም፤ ወርቅ አልተለበጠበትም። የፈረሰውን መልሶ አልሠራም፤ የጎደለውን ግን በአየር ላይ አሳየ። ከብዙ የድንጋይ ሐውልት ይልቅ ይህ ልብን ይነካል።

ነገር ግን ወጣቶች ሆይ፣ ሰማይ ባዶ ሰሌዳ አይደለም። በዚያ ሰሞን ከካናዳና ከሰሜን አሜሪካ የሚነሡ እልፍ አእላፍ ትናንሽ ወፎች ክረምቱን ሸሽተው ወደ ደቡብ የሚጓዙት በሌሊት ነው። መሪዎቻቸውም ከዋክብትና የምድር ማግኔት ኃይል ናቸው። ኃይለኛ ብርሃን ሲያገኛቸው ግን መንገዳቸው ይጠፋባቸዋል፤ እየጮኹ ይዞራሉ፤ ለጉዞ በአካላቸው ያከማቹትን ስብ በከንቱ ይጨርሳሉ፤ ዝቅ ሲሉም ከመስታወት ይላተማሉ። በ2017 የታተመ ጥናት እንደሚያስረዳው፣ ይህ መታሰቢያ በሰባት ዓመት ውስጥ በሰባት ሌሊት ብቻ 1.1 ሚሊዮን ያህል ወፎችን ከመንገዳቸው አውኳል።

ታዲያ ምን ተደረገ? የከተማይቱ የአዕዋፍ ጥበቃ ማኅበር ሰዎች ሌሊቱን ከመብራቶቹ አጠገብ ሆነው ሽቅብ እያዩ ይቈጥራሉ። ቍጥሩ ከ1,000 ሲያልፍ መብራቱ ለ20 ደቂቃ ያህል ይጠፋል፤ ወፎቹም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ተበትነው ጉዟቸውን ይቀጥላሉ።

«ወፍ ከሙታን ትበልጣለች ወይ?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ከመነሻው ጠማማ ነው። በእኛ አገር ለቅሶ ቤት አልቃሽዋ ዝም የምትልበት ጊዜ አለ፤ ስለ ዝምታዋም ሟችን ናቀች የሚላት የለም። እንዲያውም ያ የ20 ደቂቃ ጨለማ ከብርሃኑ ይልቅ ስለ ጠፉት ሰዎች ይናገራል ብዬ አምናለሁ። እኔ የምነቅፈው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም መብራቱ ከምሽት እስከ ንጋት እንዲበራ መወሰኑን። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከተማው ሲተኛ ተመልካቹ ስንት ነው?

ይሁን እንጂ መታሰቢያው ቈጣሪና ጠባቂ አለው፤ በዓመትም አንድ ሌሊት ነው። ማንንም ሳያሳስብ ሌሊቱን ሁሉ፣ ዓመቱን ሁሉ የሚበራውን ሕንፃ ምን እንበለው? በ2023 በኦክቶበር ወር፣ በቺካጎ ከተማ በሐይቁ ዳር ባለው ማኮርሚክ ፕሌስ በሚባለው የመስታወት አዳራሽ ሥር፣ በአንድ ሌሊት ወደ 1,000 የሚጠጉ ወፎች ተላትመው ሞተው ተገኙ። በዚያ ስፍራ ወፎች እየተላተሙ መሞታቸው ግን አዲስ ነገር አልነበረም፤ የከተማይቱ ቤተ መዘክር ሰዎች ከ1978 ጀምረው ሬሳቸውን ሲለቅሙና ሲመዘግቡ ኖረዋል። በ2024 በመስታወቱ ላይ ትናንሽ ነጠብጣብ ያለበት ሽፋን ተለጠፈ፤ የሚሞቱትም ወፎች ከመቶ 95 ያህል ቀነሱ።